ከትምህርት ቤት በኋላ፦ የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ወደ ሥራ ዓለም ሽግግር በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

በወለጋ ከተሞች አካል ጉዳተኛ ሕጻናት ወደ ትምህርት ቤት እንዲመጡ ለማድረግ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተደከመው ድካም ቀላል አይደለም። ከነቀምቴ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በምትገኘው በባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሥራውን ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባኮ በአስተዳደር ከምዕራብ ሸዋ የምትቆጠር ብትሆንም፣ ለወለጋ ቤተሰቦች ከሰበታና ከሻሸመኔ ይልቅ የምትቀርበው እርስዋ ናት። በነቀምቴም መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ በመደበኛ ትምህርት ቤቶችም ውስጥ ልዩ ክፍሎችና የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከላት ቀስ በቀስ ተከፍተዋል። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ስለ መግባታቸው ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ከትምህርት ቤት ስለ መውጣታቸው ግን የተባለው ጥቂት ነው። ስምንተኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ወይም በመካከል ያቋረጠ ወጣት በማግስቱ ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይቀበለዋል?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «የሙያ ሥልጠና ያስፈልጋል» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የሥልጠና ቦታዎች በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በሻምቡም፣ በደምቢ ዶሎም አሉ። የሚያስቀጥር ሕግም አለ። የሌለው፣ ወጣቱን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ እስከ ሥራው ደጃፍ የሚያደርስ፣ ይህም የሥራ ድርሻው ሆኖ የሚጠየቅበት አካል ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪውን ካስፈተነ በኋላ ግዴታው የተፈጸመ ይመስለዋል፤ የሙያ ኮሌጁ የሚያውቀው በራሱ እግር መጥቶ የተመዘገበውን ብቻ ነው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱም አመልካች እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለው ክፍተት፣ ዓይናማና ሰሚ የሆነ ጓደኛው በዘመድና በትውውቅ የሚሻገረው ሲሆን፣ አካል ጉዳተኛው ግን ወደ ወላጆቹ ቤት የሚመለስበት ቦታ ነው።

መመለሱ ደግሞ እንዲሁ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከጊምቢ ወይም ከነጆ ገጠር መጥታ በነቀምቴ የምልክት ቋንቋ የተማረች መስማት የተሳናት ልጅ ብትወሰድ፣ ቋንቋው የሚኖረው ቋንቋውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ነው። ወላጆቿም ሆኑ ጎረቤቶቿ ምልክቱን አያውቁም፤ ከእርስዋ ጋር የሚግባቡት በጥቂት የቤት ውስጥ ጥቅሻዎች ነው። ስለዚህ ወደ መንደሯ በተመለሰች ጊዜ የምታጣው የሥራ ዕድልን ብቻ ሳይሆን በቋንቋ መነጋገርን ራሱን ነው። ብሬይል የሚያነብ ወጣትም ወፍራም ወረቀት፣ የብሬይል ሰሌዳና መጻፊያ ወይም የሚነበብ መጽሐፍ ካጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጣቱ የማንበብ ፍጥነት ይደክማል። በአንድ ልጅ ላይ ስምንትና አሥር ዓመት የፈሰሰው የመምህራን ልፋት የሚባክነው በዚህ ሁኔታ ነው።

ከቁጥር በፊት ያለው ችግር

ዕቅድ አውጪ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ናቸው?» ብሎ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአገሪቱ ያሉትን አካል ጉዳተኞች ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ ሁለት በታች አድርጎ አሳይቷል፤ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ከመቶ አንድ ገደማ አድርሶታል። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ የአካል ጉዳት በግማሽ ያህል ቀነሰ ብሎ የሚያምን አይኖርም። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 ያህሉ ከአንድ ዓይነት የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምተዋል። የልዩነቱ ምክንያት በአብዛኛው የአጠያየቁ ጉዳይ ነው። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ፈጽሞ የማያየውና ፈጽሞ የማይራመደው ብቻ ይነገረዋል፤ እርሱም ካልተደበቀ ነው። «ከቤተሰቡ መካከል ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ የሚቸገር አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይበረክታል።

ይህ ነገር ለመምህሩም ቅርብ ነው። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማው፣ ጥቁር ሰሌዳውን ከፊት ወንበር ካልሆነ የማያነበው ወይም ነገር የሚዘገይበት ልጅ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ በአካል ጉዳተኛነት አይታወቅም፤ የሚታወቀው በስንፍና ነው። ትምህርቱን በሚያቋርጥበት ጊዜም መዝገቡ የሚለው «አቋርጧል» ብቻ ነው።

በወለጋ ልዩ ትኩረት የሚሻ ሌላም ጉዳይ አለ። በቀይ አፈር ደጋማ ቦታዎች በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት በሽታ ብዙውን ጊዜ ምልክቱን የሚያሳየው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነው። ይህም ማለት ልጁ ሲመዘገብ ጤናማ የነበረ ሲሆን ጉዳቱ የሚገለጠው ልክ ትምህርቱን በሚጨርስበት ወቅት ነው። በሽታው በጫማ፣ እግርን ዘወትር በሳሙና በማጠብና በመንከባከብ ሊከላከሉትና ሊያስታግሡት የሚቻል ሆኖ ሳለ፣ በአጉል እምነት ሳቢያ ወጣቱን ከጋብቻም ከሥራም ያርቀዋል። በወንዞች ዳር በሚራባው ጥቁር ዝንብ አማካይነት የሚተላለፈውና ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው በሽታም በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ለረጅም ዘመን የኖረ ነው። በሕጻንነት የሚይዝ ማጅራት ገትር ደግሞ ብዙዎችን መስማት ያሳጣል። እንግዲህ ስለ ሽግግር የሚያስብ ትምህርት ቤት ማሰብ ያለበት ከመጀመሪያው ጀምሮ በልዩ ክፍል ስለ ነበሩት ልጆች ብቻ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1963 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 70 የአካለ ስንኩላንን መልሶ መቋቋም የሚመለከት የመንግሥት ድርጅት ተመሥርቶ ነበር። ትእዛዙ አካለ ስንኩል የሚለው በአካሉ ወይም በአእምሮው ጉድለት ምክንያት መተዳደሪያውን ማግኘት የማይችለውንና ረዳት የሌለውን ሰው ሲሆን፣ በልጅነት ወይም በእርጅና ምክንያት ራሱን ማስተዳደር ያልቻለውንም በዚያው ትርጓሜ ያጠቃልል ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ጉዳዩ የተያዘው ከልመናና ከችግረኝነት ጋር ተቆራኝቶ ነው። መፍትሔውም አካል ጉዳተኞች ለብቻቸው የሚሠሩባቸው ድርጅቶች ነበሩ፤ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የጃንጥላ ፋብሪካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ዓይነቱ የተከለለ ሥራ ለዘመኑ ጠቃሚ ቢሆንም በትልቅ ከተማ የተወሰነ ስለ ነበረ ለነቀምቴ፣ ለአርጆ ወይም ለመንዲ ወጣት የሚያስገኘው ጥቅም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሕጉ አስተሳሰብ ተለውጧል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን የሙያ ተሐድሶና ሥራ የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 159 በ1983 ዓ.ም. አጸደቀች። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 101 ወጣ፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ተተካ። በዚህ በኋለኛው አዋጅ መሠረት አካል ጉዳተኛው የሥራ ዕድል የሚያገኘው በምጽዋት ሳይሆን በመብት ነው። የሥራው ጠባይ የማይፈቅድ ካልሆነ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን ችሎታ አሟልቶ ሲወዳደር አድልዎ ሊደረግበት አይገባም፤ ከሌላው ተወዳዳሪ ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣም ቅድሚያ ይሰጠዋል። አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ተስማሚ የማድረግ ኃላፊነት አለበት። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክም እንዳይኖርበት መደረጉ በተለይ ሊሰመርበት የሚገባ ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቆ የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል።

ይሁን እንጂ አዋጁ የሚሠራው ወጣቱ ከተወዳዳሪዎች መካከል ከተገኘ ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈን ጽሑፍ ዓይነ ስውሩ አያነበውም፤ በሬዲዮ የተነገረውን መስማት የተሳነው አይሰማውም፤ በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለ መመዝገቢያ ክፍል ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀመው እንደሌለ ይቆጠራል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መሆን እንዳለባቸው መደንገጉ የሚታወቅ ቢሆንም፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛባት ነቀምቴ፣ በተለይም ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት፣ ችግሩ የሚጀምረው ከሕንፃው ሳይሆን ከመንገዱ ጭቃ ነው።

የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሌላ ለውጥ አስከትሏል። ቀድሞ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሁለቱንም ይይዝ ነበር፤ አሁን የሥራና የሙያ ሥልጠናው ጉዳይ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ደግሞ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰጥቷል። ትምህርቱ ያለው በትምህርት ሚኒስቴር ዘንድ ነው። ክፍፍሉ የየራሱ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በወረዳ ደረጃ ሲታይ ግን አንድ ወጣት ሦስት ቢሮዎችን ማንኳኳት አለበት ማለት ነው፤ ሦስቱም ጉዳዩ በከፊል የሌላው ነው ሊሉ ይችላሉ።

በክፍል ውስጥ የሚዘጉ በሮች

ሥራ የሚጠፋው ሥራ በሚፈለግበት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ቀደም ብሎ በክፍል ውስጥም ይጠፋል። የዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሒሳብ ትምህርት ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ ነው። የሒሳብ ብሬይል የሚያውቅ መምህር ስለማይገኝና መሣሪያው ስለሌለ፣ ተማሪውን ከሒሳብና ከሳይንስ ትምህርት ነፃ ማድረግ ለረጅም ጊዜ ተለምዶ የኖረ አሠራር ነው። ነገሩ የሚደረገው በርኅራኄ ነው፤ ተማሪውም በጊዜው ይደሰትበታል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ሒሳብ ያልተማረ ወጣት ለሒሳብ አያያዝ፣ ለኮምፒዩተር፣ ለንግድ፣ ለብዙ የቴክኒክ ሙያዎችም አይበቃም። ስለዚህ ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ምሩቃን በሕግ፣ በታሪክ፣ በቋንቋና በመምህርነት ዘርፍ ብቻ ተከማችተው ይገኛሉ። እነዚህ የከበሩ ሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን የመረጧቸው ብቻ ሳይሆኑ የቀሩላቸው ናቸው። አባከስ በባኮም ሆነ በመደበኛ ክፍል ሊያስተምሩበት የሚቻል፣ ውድ ያልሆነ መሣሪያ ነው። ከአራተኛ ክፍል የተተወ የሒሳብ ትምህርት በአሥረኛ ክፍል በሚሰጥ የሥራ ምክር አይመለስም።

የፊደሉም ጉዳይ አለ። በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ስለሚሰጥ የባኮ ተማሪ ብሬይልን የሚጀምረው በላቲን ፊደላት ነው። በአማርኛ ብሬይል ግን ተናባቢውና አናባቢው ለየብቻው ስለሚጻፍ፣ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ከሳድሱ በቀር ሁለት ምልክት ይወስዳል። የሥራ ቋንቋው አማርኛ በሆነ መሥሪያ ቤት ለመቀጠር የሚፈልግ ዓይነ ስውር እንግዲህ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ሌላ የአጻጻፍ ሥርዓትም መልመድ አለበት። አንድ የክረምት ኮርስ የሚበቃው ነገር ነው፤ የሚያስበው ሰው ግን ያስፈልጋል።

በአንድ ዘመን ለዓይነ ስውራን ተመራጭ የነበረው የመሥሪያ ቤቶች የስልክ ማዞሪያ ሥራ በአውቶማቲክ ስልክ መስፋፋት የተነሣ መጥፋቱ ለዕቅድ አውጪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ወጣቶችን በአንድ ሙያ ብቻ ማሠልጠን ከዚያ ሙያ ጋር አብሮ መጥፋትን ያስከትላልና። ዛሬ በስማርት ስልኮች ውስጥ ያለው ቶክባክና በነፃ የሚገኘው ኤንቪዲኤ የተባለው ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ኮምፒዩተር ባለበት በማናቸውም ትምህርት ቤት ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊጫን ይችላል። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ሳይሆን ፕሮግራሙ መኖሩን የሚያውቅ መምህር ነው።

መስማት ለተሳናቸው ወጣቶች የሚዘጋው በር ሌላ ነው። እነርሱ ማሽን ማንቀሳቀስ፣ መሰብሰብ፣ መለካት ይችላሉ፤ ስለዚህም በያለበት ወደ እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ ወይም ወደ ልብስ ስፌት ይላካሉ። ሥራውን በማየት ቶሎ ይለምዱታል። ችግር የሚገጥማቸው ከሥልጠናው በኋላ በሚሰጠው የሙያ ብቃት ምዘና ላይ ነው። ተመዛኙ ጽሑፉን ያነባል፤ ነገር ግን ለእርሱ ጽሑፉ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። በተግባር ፈተናው ደግሞ መዛኙ በቃል የሚሰጠውን ትእዛዝ የሚያስተረጉምለት የለም። እጁ የሚያውቀውን ሥራ ሳያሳይ ይወድቃል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ግን ለወለጋ ኮሌጆች ሁሉ የሚዳረሱ አይደሉም። ለምዘናው ቀን ብቻ ከነቀምቴው ትምህርት ቤት አንድ መምህር በአስተርጓሚነት ማዋስ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የሚፈልገው የሁለት ተቋማት የደብዳቤ ልውውጥ ብቻ ነው።

ስለ እግር ጉዳተኞች የሚደረገው የሙያ ምርጫ ምን ያህል ሳይታሰብበት እንደሚፈጸም ለማሳየት የልብስ ስፌቱ ምሳሌ ይበቃል። «ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ነው» በሚል ሰበብ መራመድ የማይችለውን ወጣት ስፌት ማስተማር የተለመደ ነው። ነገር ግን በወለጋ ከተሞች በየሱቁ ደጃፍ የሚታየው የስፌት መኪና የሚዞረው በእግር መርገጫ ነው። የሸማኔውም ሥራ እንዲሁ ከእግር መርገጫ ውጭ አይሆንም። ስለዚህ በእጅ የሚዞር ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መኪና አብሮ ካልተዘጋጀ፣ ሥልጠናው የምስክር ወረቀት ከመስጠት አልፎ እንጀራ አይሆንም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሱቅ ጠባቂ የሆነ ወጣት፣ ለሥልጠናው ከወጣው ገንዘብ ይልቅ የሚያሳዝነው ስለ ጉልበቶቹ ማንም ሳይጠይቀው መመዝገቡ ነው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸው ወጣቶች ከሁሉ በላይ የተረሱ ናቸው። በልዩ ክፍል ውስጥ እስከ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ቆይተው የሚወጡት ያለ ምንም የምስክር ወረቀት ነው፤ የሙያ ኮሌጅ መግቢያ መስፈርትም አያሟሉም። ለእነርሱ የሚበጀው አስቀድሞ ማሠልጠንና ከዚያ ማስቀጠር ሳይሆን፣ መጀመሪያ በሥራው ላይ ማስቀመጥና እዚያው ማሠልጠን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋው ይህ ዘዴ አንድ ደጋፊ ሠራተኛ ከወጣቱ ጋር ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ ሥራውን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ እያሳየ እንዲያስለምደው፣ ከዚያም ቀስ በቀስ እንዲርቀው ያደርጋል። ዳቦ ቤት ውስጥ መጥበሻ መቀባት፣ ሆቴል ውስጥ ብርድ ልብስ ማጠፍ፣ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ መስፋት በዚህ መንገድ የሚለመዱ ናቸው። በወለጋ ገበሬ ቤት ውስጥ ልጅ ሥራ የሚለምደው ከጥንት ጀምሮ በዚሁ መልክ ስለሆነ፣ ዘዴው እንግዳ አይደለም።

ሽግግሩ መቼ ይጀመር?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢዘገይ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሽግግር ዕቅድ በጽሑፍ እንዲዘጋጅለት አስገድዷል። ዕቅዱ ተማሪው ራሱ ምን መሥራት እንደሚፈልግ፣ ለዚያ ምን እንደሚጎድለው፣ የጎደለውንም ማን በየትኛው ጊዜ እንደሚያሟላ የሚገልጽ ነው። የሀብቱ ልዩነት ስላለ ያንን ሥርዓት እንዳለ ወደ ነቀምቴ ማምጣት አይቻልም፤ የሚጠቅመው ዋናው ሐሳብ፣ ይኸውም ከመውጫው ዓመታት ቀድሞ መጀመርና ኃላፊውን በስም መጥራት ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ተስማሚው ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ይመስላል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ሆነው የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ስለ ተጨመረባቸው፣ መምህሩ አዲስ ክፍለ ጊዜ ሳይፈልግ በዚያው ሰዓት ተማሪውን ከሥራ ዓይነቶች ጋር ሊያስተዋውቅ ይችላል። ሁለተኛውና ይበልጥ አሳሳቢው፣ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ተስፋ ማድረግ የማያስተማምን መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ነበሩ። ለሁሉም የጠበበ በር ለአካል ጉዳተኛው ይበልጥ እንደሚጠብ ግልጽ ነው። በነቀምቴ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ መኖሩ ለወለጋ ትልቅ ጸጋ ቢሆንም፣ የሽግግር ፕሮግራም ሁሉ በእርሱ ላይ ሊመሠረት አይችልም።

በሰባተኛ ክፍል የሚጀመረው ሥራ ውስብስብ አይደለም። መምህሩ ከተማሪውና ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ በአንድ ገጽ ላይ ሊያሰፍረው የሚችል ነው። ወላጅ በዚህ ውይይት መገኘት ያለበት ለወግ ያህል አይደለም። በወለጋ ብዙ ቤተሰብ ለትምህርት ያለው አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሶ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የቆየ ባህል ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያው ቤተሰብ አካል ጉዳተኛ ልጁን ስለ መመገብ እንጂ ስለ ማሠራት አያስብም፤ በተለይ ሴት ልጅ ስትሆን ብቻዋን ወደ ከተማ መላክ ያስፈራዋል። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ መስማት የተሳናትና የምትጮኽበት ቋንቋ የሌላት ልጅ የምትጋለጥበት አደጋ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለሴት ሠልጣኞች የመኖሪያ ቦታ ጉዳይ ከሥልጠናው ዓይነት በፊት ሊታሰብ ይገባዋል። ክፍል ተከራይታ ብቻዋን እንድትኖር ከማድረግ ይልቅ፣ ከምታምናት ዘመድ ወይም ከሌሎች ሠልጣኝ ሴቶች ጋር ማስጠጋት የተሻለ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የከተማውን ሥራ ማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ወጣቱን መመርመር ነው፤ ምን አይችልም ተብሎ ይጻፋል። ሥራው ግን አይመረመርም። በነቀምቴ የቡና ማበጠሪያ ውስጥ ያለው ሥራ አንድ ሥራ ተብሎ ቢጠራም፣ መሸከም፣ መመዘን፣ በእጅ መልቀም፣ ጆንያ መስፋት፣ መመዝገብ ተብሎ ቢከፋፈል ለማየት የሚቸገረው የማይሠራው መልቀሙን ብቻ፣ ለመራመድ የሚቸገረው የማይሠራው መሸከሙን ብቻ ሆኖ ይገኛል። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም የሚታወቀው ቡና የሚሰበሰብበትና የሚዘጋጅበት ወቅት የጊዜያዊ ሠራተኛ ፍላጎት የሚበዛበት ስለሆነ፣ ተማሪዎች ለጥቂት ሳምንታት ሥራ የሚለማመዱበት መልካም አጋጣሚ ነው። ጋራዥ፣ እንጨት ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ የሞባይል ጥገና ሱቅም እንዲሁ ተራ በተራ ሊጎበኙ ይገባቸዋል። በጫጫታ መካከል ለሚሠራ መስማት የተሳነው ሠራተኛ ከደወል ይልቅ የሚበራ አምፖል ማድረግ የአንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው። አሠሪ የሚፈራው ብዙውን ጊዜ የማያውቀውን ነው፤ አንድ ወር አብሮት የሠራውን ወጣት ግን አይፈራም። የሙያ ኮሌጆች የትብብር ሥልጠና አብዛኛው ክፍል በድርጅት ውስጥ እንዲሰጥ የሚያዝ በመሆኑ፣ ይህን ልማድ ወደ ታች ወደ መካከለኛ ደረጃ ማውረድ ብቻ ይበቃል።

የራስን ሥራ ስለ መፍጠርም የሚነሣ አንድ ነጥብ አለ። ለወጣቶች የሚሰጠው ብድር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በቡድን ዋስትና ነው። ጓደኞቹ ግን «ይህ ቢከስር እኛ እንከፍላለን» ብለው አካል ጉዳተኛውን ከቡድናቸው ይተዉታል። አካል ጉዳተኞችን ብቻ ለይቶ አንድ ቡድን ማድረግ ቀላል መፍትሔ ቢመስልም ከሌላው ያርቃቸዋል፤ የገበያ ግንኙነታቸውንም ያጠብባል። በትምህርት ቤት ዘመን አብረው የተማሩ፣ በተለይም የምልክት ቋንቋ የለመዱ ሰሚ ጓደኞች ያሉበት የተቀላቀለ ቡድን ይበልጥ የሚጸና ነው። የአካቶ ትምህርት ጥቅም ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው።

ክትትልና መዝገብ

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ የተከሰተው የትጥቅ ግጭት በወለጋ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ መንገዶችንም አስተጓጉሏል። ጊምቢ ከነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሁሉን ነገር በነቀምቴ ያከማቸ ፕሮግራም መንገድ በተዘጋ ጊዜ አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ድጋፉ ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ በየዞኑ ከተማ አንድ አንድ መምህር ይዞት መቆየት ይኖርበታል። ለዚህም ቀድሞ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሠለጠነና በድጋፍ መስጫ ማዕከል የሚሠራ መምህር ተመራጭ ነው። የክፍለ ጊዜ ጭነቱ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ካልቀነሰለት ግን ሥራው ከወረቀት አያልፍም፤ ይህም የርእሰ መምህሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ውሳኔ ነው።

መዝገቡ ቀላል ሊሆን ይችላል፦ የወጣቱ ስምና መንደር፣ የሚያስፈልገው ድጋፍ፣ የመረጠው ሥራ፣ የተመዘገበበት ኮሌጅ ወይም የተቀጠረበት ድርጅት፣ በየሦስት ወሩ የተደረገ ጉብኝት። ጉብኝቱ ወጣቱ ከተቀጠረ በኋላም መቀጠል ያለበት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥመው ችግር ከሙያው ይልቅ ከሰዎች ጋር ያለው ግንኙነት ስለሆነ ነው፦ ዘግይቶ መምጣት፣ ትእዛዝን በስሕተት መረዳት፣ ደመወዝ ሲጓደል አለመናገር። አንድ ጊዜ የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ንግግር ብዙውን ያስተካክለዋል። ካልተደረገ አሠሪው «ሞክሬያቸው ነበር» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጡትም በሩን ይዘጋል።

የመዝገቡ ግልባጭ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ እንዲሁም ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ ሐምሌ፣ የኮሌጅ ምዝገባ ሳይጀመር፣ ቢላክ ኮሌጁ አስተርጓሚ፣ መወጣጫ ወይም የእጅ ስፌት መኪና ማስፈለጉን ሠልጣኙ በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ያውቃል። በጀቱም በጊዜው ይጠየቃል።